የፕሮሰሰሩ ድርሻ

ፕሮሰሰሩ ከመቀየሩ በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ሁለት። ከወጥ ቤቱና ከእናትየዋ የስፌት ክፍል መካከል ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ሥር፣ ግራ ጎኑን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ቆሟል። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ስድስት ኮር አለው፤ ሥራ ሲመጣ ተካፍለው የሚሠሩ ስድስት እጆች ማለት ነው። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እህትየዋ ፕሮግራም ትጽፍበታለች፤ ከዚያ በኋላ ወንድምየው ጌም ይጫወትበታል። እሷ የጻፈችውን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመለወጥ፣ በሙያው ቋንቋ አንድ ቢልድ ለመጨረስ፣ በአማካይ አሥር ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ይፈጅባታል። የእሱ ጌም ደግሞ ሲጀምር እንደ ውሃ ይፈስና ጦርነቱ ሲፋፋም ይንቀጠቀጣል። ማራገቢያው በሁለቱም ጊዜ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ስለነበረ፣ ሁለቱም ፈጣን ኮምፒውተር ምን እንደሚመስል አያውቁም።

ወንድምየውን እናቱ እስከ ዛሬ ማሙሽ ትለዋለች፤ ጺሙን ቢያሳድገው ደረቱ ይደርሳል። ቀን ቀን ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ይቆርጣል። እህቱን እትዬ ይላታል፤ ሲናደድባትም እንኳ እትዬ ነው የሚላት።

እትዬ የሙከራ ጊዜ ላይ ነበረች። የቀጠራት ድርጅት መድኃኒት ቤቶች ክምችታቸውን የሚቆጣጠሩበትን ፕሮግራም ይሠራል። በቡድኑ ስድስት ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ከየቤታቸው ነው የሚሠሩት። አርብ አርብ የቡድኑ ኃላፊ፣ ስህተት ከተነገረበት ሰዓት ታርሞ እስከተመለሰበት ድረስ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደወሰደ አማካዩን አውጥቶ ለሁሉም ያሳያል። እትዬ ሦስት አርብ በተከታታይ ስድስተኛ ወጣች። ኮዷ ላይ ማንም እንከን አላወጣም። ትዘገያለች፤ ይኸው ነው። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው።

ቢልዱን ካስጀመረች በኋላ መቀመጥ አይሆንላትም። ትነሳለች። ወጥ ቤት ገብታ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። እናቷ ክፍል በር ላይ ትቆምና የስፌት መኪናው መርፌ ሲወጣ ሲወርድ ታያለች፤ ትመለሳለች። ስክሪኑ ላይ ገና ሠላሳ በመቶ ይላል። መስኮቱን ትከፍታለች፤ ትዘጋዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ» ትላታለች እናቷ። «ልቤን ነው የምታመላልሽው።»

«መጣሁ እማዬ።»

«ከየት? የት ሄደሽ? እዚሁ እየዞርሽ ነው።»

ችግሩ የፕሮሰሰሩ ማርጀት እንደሆነ አልተጠራጠረችም። ግን እንዲሁ በስሜት የምትገዛ ሰው አይደለችም። ፕሮግራም መጻፍ ከመጀመሯ በፊት መድኃኒት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄት ትመዝን ነበር፤ ከዚያ ይዛ የወጣቻቸው ሁለት ልማዶች ነበሯት። አንደኛው፣ ሚዛን እስኪረጋ ድረስ የመጀመሪያው ንባብ አይቆጠርም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከተፈቀደው ገደብ ያላለፈ ቁጥር ደህና ነው የሚል። ስለዚህ ቢልዱ በየደቂቃው ስንት ፋይል እንደሚጨርስ የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ጻፈችና የመጀመሪያውን ደቂቃ እንዲጥለው አዘዘችው። ከሁለተኛው ደቂቃ ጀምሮ ያለው ቁጥር አንድ ዓይነት ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ግን የተረጋጋ። የፕሮሰሰሩን ሙቀትም አየች። ዘጠና አምስት ዲግሪ። የፕሮሰሰሩ አምራች የፈቀደው ጣሪያም ዘጠና አምስት ነው። አላለፈም፤ ደህና ነው አለች።

ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድ የሚቀበላቸው አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ። ጭቅጭቁም እዚያ ላይ ተጀመረ።

«ባለ ስምንቱ ይሻላል» አለ ማሙሽ፣ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ። «ኮሩ ስምንት ቢሆንም ካሹ ትልቅ ነው።»

«ካሽ ምንድን ነው?» አለች እናትየዋ ከክፍሏ። በሯ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

«ጓዳ በይው፣ እማዬ። ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን ዕቃ አጠገቡ የሚያስቀምጥበት። ጓዳው ሰፊ ከሆነ ገበያ አይመላለስም።»

«ጓዳ የሚፈልገው ጌምህ ነው» አለች እትዬ። «እኔ የምፈልገው እጅ ነው። ባለ አሥራ ሁለቱ ይሁን። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ፋይል ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ታየዋለህ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።»

«ድሩ እስኪያብር አንበሳው ቆሞ ይጠብቃል?»

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን አሉ። አንተ ስለ አንበሳ አይደለም የምታወራው።»

«አንቺስ ስለ ማን ነው የምታወሪው? ስለ ጎረቤት?»

የስፌት መኪናው ቆመ። እናትየዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በሩ ላይ ታየች።

«ማሙሽ፣ ይሄ ጌምህ ያበላል?»

«አያበላም፣ እማዬ።»

«እሷ የምትጽፈውስ?»

«ካላባረሯት ያበላል።»

«እንግዲያው ምኑን ነው የምትከራከሩት?» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

ማሙሽ ጣሪያውን አየ። «ዳኛው ቤት ውስጥ ካለ ይግባኝ የለም» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ባለ አሥራ ሁለቱን ገዙ። የሱቁ ሰውዬ ካርቶኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ማሸጊያው ከተቀደደ አይመለስም፣ እወቁት» ብሎ አስጠነቀቃቸው። እትዬ የሞዴሉን ቁጥር ከማዘርቦርዱ ቁጥር ጋር ሁለት ጊዜ አስተያይታ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልታስተያይ ስትል ማሙሽ ማሸጊያውን ቀደደው።

የገጠመውም እሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ኮምፒውተሩን ከነብረቱ የገጣጠመው እሱ ስለሆነ እጁ ያውቀዋል። ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠውን ከባዱን ማቀዝቀዣ ፈትቶ አነሳ፤ ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን፣ አሁን የደረቀውን የሙቀት ቅባት በእናቱ ቁራጭ ጨርቅ ጠረገ። የማቀዝቀዣውን ግርጌ እየደጋገመ ፈተገው። እንደ መስታወት አበራ።

«ተመልከቺ እንዴት እንዳበራሁት» አለ ወደ መብራቱ አዙሮ። «ጺምሽን ተላጪበት ቢሉሽ ያላጫል።»

«የራስህን ተላጭበት» አለችው። አዲሱን ቅባት ቀብቶ ገጠመው።

የመጀመሪያው ቢልድ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ፈጀ።

ሁለተኛውም እንዲያው ነበር፤ ሦስተኛው በሁለት ሰከንድ ይበልጥ ነበር። ማራገቢያው ከበፊቱ ብሶበታል። ማሙሽ ጌሙን ከፈተ፤ ጥሩ ጀመረ፤ ሰው ሲበዛ ተንቀጠቀጠ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ስድስት ሠራተኛ አስወጥተን አሥራ ሁለት ሰነፍ ቀጠርን ማለት ነው» አለ።

እትዬ ልብሷን ደርባ ወጣች፤ እስከ መንገዱ ማጠፊያ ሄዳ ተመለሰች፤ ደረጃው ሥር ስትደርስ መልሳ ዞረች። ባለ ስምንቱ ይሻል ነበር ይሆን? ወይስ ማዘርቦርዱ ነው? ዲስኩ ነው? አንድ ሌላ ሐሳብም ነበረ፤ ልታየው አልፈለገችም እንጂ ከቤት ስትወጣ ጀምሮ አብሯት ይራመድ ነበር። ምናልባት የሚዘገየው ኮምፒውተሩ ላይሆን ይችላል። አምስቱ ሰዎች ከእሷ የሚሻሉት በመሣሪያ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ደግሞ የሚሸጥ መለዋወጫ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ቢልዱን አስጀምራ አልተነሳችም። የምትመረምረው ነገር ስላለቀባት፣ የጣለችውን ለማየት ወሰነች፤ የመጀመሪያውን ደቂቃ እንዲጥል ያዘዘችውን መስመር ሰርዛ ቁጥሮቹን ከነመነሻቸው አወጣች። የመጀመሪያው ደቂቃ ዘጠኝ መቶ ፋይል ሠርቷል። ሁለተኛው ሦስት መቶ ስድስት። ሦስተኛው ሦስት መቶ አራት። እስከ መጨረሻው ከዚያ ብዙም አልተነቃነቀም።

ደግማ አስጀመረች። ያው ነው። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ደቂቃ ይሮጥና ልጓም እንደሳቡት ቀጥ ይላል።

ያኔ ሙቀቱን ከቁጥሮቹ ጎን አቆመችው። መሮጥ ባቆመበት ቅጽበት ዘጠና አምስት ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ዘጠና አራት አልሆነ፣ ዘጠና ስድስት አልሆነ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ሄዷል። ደህና የሆነ ነገር እንዲህ ቀጥ አይልም። ጣሪያውን ያላለፈው ስላልሞቀ አይደለም፤ ጣሪያው ላይ ራሱን ደግፎ፣ እንዳያልፍ ሲል ሥራውን እየተወ ነው። የድሮውም ፕሮሰሰር ዘጠና አምስት ላይ ነበረ። ሁለት የተለያዩ ፕሮሰሰሮች አንድ በሽታ ካላቸው በሽታው የእነሱ አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆኖ ነበር የከረሙት።

ማሙሽ እስኪመጣ መጠበቅ አልቻለችም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ከጠረጴዛው ሥር ጎተተችው። የማቀዝቀዣውን አራት ብሎን ፈታች፤ ወዘወዘችው፤ ተላቀቀ። አዲሱ ቅባት ግርጌው ላይ ተለጥፎ ነበር። ስትጠርገው ያ ማሙሽ ያበራው ግርጌ ወጣ። በጥፍሯ ጠርዙን ነካችው። ጠርዙ ተነሳ።

ላስቲክ ነው። ዓይን የማይለየው ስስ፣ ጥርት ያለ ላስቲክ። ስትስበው ከዳር እስከ ዳር ተላጠና ሥሩ ያለው መዳብ ብቅ አለ። ላስቲኩ ላይ ከመገጠሙ በፊት እንዲላጥ የሚያዝ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት፤ አብዛኛው በጨርቅ ተፈትጎ ጠፍቷል።

«ምነው፣ ደህናውን ዕቃ ላስቲኩን ላጥሽው?» አለች እናቷ ከኋላዋ ቆማ።

እትዬ ላስቲኩን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ዞረች። «እማዬ፣ ይሄ እንዳለ ታውቂ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ማሙሽ መጀመሪያ ሲገጣጥመው ሊልጠው ሲል እኔ ነኝ ተው ያልኩት። ይጫጫራል፣ አዲስ እንደሆነ ይቆይ አልኩት።»

እትዬ ቀና ብላ ቤቱን አየችው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ ነው። የምድጃው ቁልፎች ከነላስቲካቸው ናቸው። እናቷ የምትቀመጥበት የስፌት ወንበር ከገባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ስትቀመጥበት እስከ ዛሬ ይንኮሻኮሻል። በዚህ ቤት ያደገ ልጅ ላስቲክ አትላጥ ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም።

«ዕቃ እንዲኖር ብዬ ነው» አለች እናትየዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ኖሯል፣ እማዬ። ታፍኖ ነው እንጂ ኖሯል።»

«ሙቀቱ ይሄ ነው እንዴ ያስቸገረሽ?»

«ይመስለኛል። እስክለካው አልምልም።»

ቅባቱን ቀብታ መልሳ ገጠመችው። አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ። ሙቀቱ ሰባ አንድ ላይ ቆመ። ማራገቢያው መኖሩን ለማወቅ ጎንበስ ብላ አየችው።

ማሙሽ ማታ ሲሰማ ላስቲኩን በጣቱ አንጠልጥሎ አየው። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ ረስቼው አብርቼዋለሁ» አለ። «ላስቲክ ነው ያበራሁት።»

«ጺም ያላጫል ብለሃል።»

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ቤት አይውጣ።»

በዚያ ሳምንት እትዬ ስህተት በተነገራት ቁጥር አርማ፣ ቢልድ አድርጋ፣ ሞክራ ስትመልስ አብዛኞቹ ገና ጥያቄ እያነበቡ ነበር። አርብ ዕለት ሁለተኛ ወጣች። ከስብሰባው በኋላ ኃላፊው ለብቻዋ ደወለላት።

«ምን ቀየርሽ?» አላት።

«ፕሮሰሰር» አለች፤ እውነት ስለሆነ ቀድሞ ወጣ።

«ገምቼ ነበር። ልጆቹም ሁሉም ኮምፒውተራቸው ዘገምተኛ ነው እያሉ ነው። ያንኑ ፕሮሰሰር ለአምስቱም ላዝዝ ነው። ሰኞ ጠዋት ፕሮሰሰሩ ስንት ደቂቃ እንደቀነሰልሽ በቁጥር ንገሪኝ። ያንቺን የቅጥር ጉዳይም ያኔውኑ እንጨርሳለን።»

ስልኩን ዘግታ ክፍሏ ውስጥ ተዘዋወረች። ስንት ደቂቃ እንደቀነሰ አታውቅም። ሁለት ነገር ነው የቀየረችው፤ ፕሮሰሰሩንና ላስቲኩን። አዲሱን ከነላስቲኩ ለክታዋለች፤ ያለ ላስቲኩም ለክታዋለች። የድሮውን ያለ ላስቲክ ግን ማንም ለክቶት አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ማሙሽ የቡድን ውድድር ነበረው። ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሲገባ እህቱ ብሎን መፍቻ ይዛ አገኛት።

«አይሆንም» አለ።

«የድሮውን መልሰን እንለካለን።»

«እትዬ፣ በአሥር ሰዓት ግጥሚያ አለኝ። አራት ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ይደርሳል።»

«ምን አስጨነቀሽ? ፕሮሰሰሩ ነው በይና ገላግይን። ውሸት አይደለም።»

«ስንት ደቂቃ ልበል?»

«ስድስት ከምናምን። ከአሥር ከሃምሳ ወደ አራት ከአሥራ አንድ አይደል የወረደው?»

«ከስድስቱ የፕሮሰሰሩ ስንቱ ነው? ምናምኑስ የማን ነው?»

ማሙሽ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «እሺ፣ ለካሽ እንበል። ከዚያ ለሰውዬው ምን ልትዪው ነው? ሦስት ሳምንት ያዘገየኝ ያልላጥነው ላስቲክ ነው? የገዛ ኮምፒውተሯን የማትፈትሽ ሰው የመድኃኒት ቤት ክምችት ትፈትሻለች ብሎ ሊቀጥርሽ ነው? ሁለተኛ ወጥተሻል። አፍሽን ዝጊና ፈርሚ።»

ያለው ነገር አርብ ከሰዓት ጀምሮ እሷም ስታላምጠው የቆየችው ነው። ብሎን መፍቻውን ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረች።

«አምስት ፕሮሰሰር ይገዛል፣ ማሙሽ። ገጥመውት አርባ ሰከንድ ብቻ ቢቀንስላቸው ቁጥሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ቢፈታም ከፈረምሽ በኋላ ነው የሚፈታው።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ማሙሽ ሰዓቱን አየ፤ እህቱን አየ፤ እጁን ዘረጋ። «አምጪው መፍቻውን። አንቺ እስክትፈቺው ውድድሩ ያልቃል።»

እጁ በእርግጥ ፈጣን ነው። አዲሱን አውጥቶ የድሮውን ባለ ስድስት ኮር መለሰው፤ ግርጌውን ጠረገ፤ ሳትጠይቀው በጥፍሩ ከዳር እስከ ዳር ጫረው፤ ቀባው፤ ገጠመው። እትዬ ቢልዱን አስጀመረች። ሁለቱም ቆመው አዩት። እናትየዋም የስፌት መኪናዋን አቁማ መጣች፤ ለምን እንደቆሙ ባይገባትም አብራ ቆመች።

አራት ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ሰከንድ።

ሁለት ጊዜ ደገመችው። ልዩነቱ አንድ ሰከንድ አልሞላም። የመጀመሪያውንም ቆጠረችው።

«አርባ ሰባት ሰከንድ» አለ ማሙሽ። «ያ ሁሉ ድርና አንበሳ አርባ ሰባት ሰከንድ ነው?»

«አርባ ሰባት።»

«ባለ ስምንቱም አያስፈልገንም ነበር ማለት ነው።»

«አያስፈልገንም ነበር።»

አሥር ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ስለቀረው መልሶ ለመቀየር ጊዜ አልነበረም። ማሙሽ ውድድሩን በድሮው ፕሮሰሰር ገባበት። ጦርነቱ ተፋፋመ፤ ስክሪኑ አልተንቀጠቀጠም። ተሸነፉ፤ ግን በዚያ ቀን የሚያመካኝበት አጥቶ ወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጠ አመሸ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ከኃላፊው ቀድማ ደወለች። ቆማ ነበር የምታወራው። ላስቲኩን፣ የጣለችውን የመጀመሪያ ደቂቃ፣ ደህና ነው ብላ ያለፈችውን ዘጠና አምስት ዲግሪ፣ ከዚያ አራቱን ልኬቶች በየተራ ነገረችው። ሲያዳምጥ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ከስልኩ ማዶ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ሰማች።

«ሦስት ሳምንት በታፈነ ኮምፒውተር ነው የሠራሽልን?»

«አዎ።»

«አርብ ዕለት ፕሮሰሰር ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አርብ ዕለት አላውቅም ነበር። ቁጥር ሲጠይቁኝ ነው እንደማላውቅ ያወቅሁት።»

«ባትነግሪኝ ትዕዛዙን ዛሬ ነበር የምልከው።»

«ለዚህ ነው ቀድሜ የደወልኩት።»

 እትዬ መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋችው።

«ስድስተኛ የወጣሽባቸው ሦስቱ ሳምንታት እንዳሉ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «አላጠፋቸውም። አራተኛውንም አላጠፋውም። ውሉን እልክልሻለሁ፤ እስከ ምሳ ፈርመሽ መልሺ። ትዕዛዙን አቁሜዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አምስቱም ሙቀታቸውን አንብበው ላንቺ ይላኩ።»

ፈርማ ላከች። ከሰዓት በኋላ፣ ለኃላፊው በቃል የነገረችውን በጽሑፍ አድርጋ ለቡድኑ አሠራጨች። ከአንዱ ቢልድ ላይ በድምሩ ስድስት ደቂቃ ከሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ ተቀንሷል፤ ከዚህ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ድርሻ አርባ ሰባት ሰከንድ ነው።